በዶፍ ዝናብ ጊዜ የማይዘጉ ምግብ ቤቶችና የሰበካ ጉባኤ ድርሻ

(በፍኖተ ሰላም ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት ከቀረበ ንግግር)



በዛሬው ጉባኤ ስለ ምግብ ቤት እንድንናገር መመደባችን አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አልቀረም። ስለ ችግኝ፣ ስለ ምንጭ ማጎልበት፣ ስለ አብነት ተማሪዎች መነጋገር የለመድን ሰዎች ስለ ሽሮ ቤትና ስለ ሻይ ቤት ምን አገባን የሚል ይኖራል። ነገሩ የመጣው ከአንድ የሐምሌ ከሰዓት በኋላ ነው፤ እርሱን ሳናነሣ ወደ ሌላው ብንሄድ ንግግራችን ሥር አይኖረውም።

ባለፈው ክረምት ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስንጓዝ ሰማዩ ከቀትር በኋላ ጠቆረ። መጀመሪያ ነፋስ መጣ፤ ቀጥሎ ውሽንፍር፤ ከዚያም በረዶ። በረዶው የመኪናውን ጣሪያ ሲደበድብ አጠገባችን የተቀመጠው ሰው የሚናገረው እንኳ አይሰማንም ነበር። ቡሬ ስንደርስ መብራት ጠፍቷል። ሾፌሩ ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ ላይ ጎርፍ ወጥቷል የሚል ወሬ ሰማና አልቀጥልም አለ። ከነቀምት መሥመር የመጡ፣ ከባሕር ዳር የወረዱ፣ ከገበያ ውለው ወደየገጠራቸው የሚመለሱ ሰዎች ሁሉ መናኸሪያው አካባቢ ተከማቹ። በዙሪያው ካሉት ምግብ ቤቶች አብዛኞቹ በራቸውን ዘግተዋል። አንዲት እናት ብቻ ደጇን ገርበብ አድርጋ፣ ከወደ ጓሮ በእንጨት ምድጃ ድስት ጥዳ ነበር። በር ላይ ቆማ፣ «ሥጋ የለም፤ ማኪያቶም የለም፤ ሽሮና ሻይ አለ፤ ግቡ፣ አትርጠቡ» አለችን።

ገባን። በአንዲት ጠባብ ቤት አርባ የምንሆን ሰዎች ተጠጋግተን ተቀመጥን። ሽሮው ቀጭን ነበር፤ እንጀራውም የትናንት። በዚያች ሰዓት ግን ከዚያ የተሻለ ማዕድ አልተመኘንም።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ባለቤቲቱን አመስግነን እንቀመጥ ነበር። ነገር ግን በዚያው ምሽት ሁለት ነገሮች አየን፤ ሁለቱም ከአእምሯችን አልጠፉም። የመጀመሪያው፣ ብርዱ ሲጠና አንድ ሰው የከሰል ምድጃ ወደ ውስጥ አስገባ፤ ነፋሱ እንዳይገባም በሩና መስኮቱ ተዘጉ። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ነፍሰ ጡር እናት ራሷን አዞራት፤ አጠገቧ የነበረው ወጣትም ራሱን ያዘ። አንድ አረጋዊ ካህን ከማዕዘን ተነሥተው ምንም ሳይናገሩ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት፤ ምድጃውንም በእግራቸው እየገፉ ወደ ደጅ አወጡት። ሁለተኛው፣ ዕቃ የምታጥበው ልጅ ዘግይታ መጣች፤ እስከ ወገቧ ረጥባ ነበር። የት እንደነበረች ስንጠይቃት የወንዝ ዳሩን ተሻግራ እንደመጣች፣ ውኃው ሞልቶ አንዴ ተመልሳ እንደገና እንደሞከረች ነገረችን። «ካልመጣሽ የቀኑ አይታሰብልሽም ተብዬ ነው» አለች። ባለቤቲቱን በቀስታ ብንጠይቃት አልካደችም። «እኔስ ብቻዬን አርባ ሰው በምን እጄ ላስተናግድ?» ነበር መልሷ።

ይህች እናት ክፉ ሰው አይደለችም። ደጇን የከፈተች እርሷ ብቻ ናት። ነገር ግን ያ ደጅ የተከፈተው በአንዲት ልጅ ነፍስ ላይ ተወራርዶ ነበር፤ የገባንበት ቤትም ለጥቂት ደቂቃ መቃብራችን ሊሆን ይችል ነበር። በዚህ ጉባኤ ፊት ልናነሣው የፈለግነው ጉዳይ ይኸው ነው። በክፉ ቀን ደጅን መክፈት ደግነት ብቻ አይበቃውም፤ አስቀድሞ የታሰበበት ዝግጅት ይፈልጋል። ያን ዝግጅት ደግሞ አንዲት ባለ ሽሮ ቤት ብቻዋን ልትሸከመው አትችልም።

የአገራችንን ክረምት ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ ላህ፣ ብር፣ ተምጫና ፈጣም ሞልተው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጎሐ ጽዮን የዓባይን በረሃ ወርዶ፣ በደጀን ወጥቶ፣ በደብረ ማርቆስና በደምበጫ አልፎ ወደ እኛ የሚመጣው መንገድ በበረሃው ላይ ድንጋይ ሲናድ፣ በደጋው ላይ ጎርፍ ሲወጣ ይቆማል። ቡሬ ደግሞ የነቀምቱና የባሕር ዳሩ መንገድ የሚለያዩባት ከተማ ናት፤ አንዱ ሲዘጋ የሌላውም መንገደኛ እዚያው ያድራል። እንግዲህ በአንድ ሌሊት በመቶ የሚቆጠር እንግዳ ሊመጣብን እንደሚችል እያወቅን፣ ማን እንደሚቀበለውና ምን እንደሚበላ አስቀድመን ተነጋግረን አናውቅም። ጥንት «የመሸበት እንግዳ» ሲባል አንድ ወይም ሁለት መንገደኛ ነበር፤ ዛሬ አውቶቡስ ሙሉ ነው።

በዓለም ላይ ይህን ጉዳይ እንደ ቁም ነገር የያዙት አሉ። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች በየአውራ ጎዳናው ዳር የሚገኝ፣ ሌሊትና ቀን የማይዘጋ «ዋፍል ሃውስ» የሚባል የምግብ ቤቶች ድርጅት አለ። ቤቶቹ ተራ ናቸው፤ እንቁላል፣ ድንችና ቡና የሚቀርብባቸው። በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ2004 በፍሎሪዳ ግዛት ቻርሊ የተባለው አውሎ ነፋስ ካለፈ በኋላ፣ የግዛቱ የአደጋ ጊዜ ኃላፊ የነበሩት ክሬግ ፉጌት አንድ ነገር አስተዋሉ። የአደጋውን ክብደት ለመገመት እነዚህ ምግብ ቤቶች በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ ማየት ይበቃል። ቤቱ ሙሉ ምግብ የሚያቀርብ ከሆነ አረንጓዴ፤ መብራት ጠፍቶ በጄኔሬተር ጥቂት ምግብ ብቻ የሚያቀርብ ከሆነ ቢጫ፤ ከተዘጋ ቀይ ብለው መደቡት። ያ ቤት ተዘግቶ ከተገኘ ጉዳቱ የከፋ ነው፤ ዕርዳታውም ወደዚያ መፍጠን አለበት። እኚሁ ሰው በኋላ የአገሪቱ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆኑ። በ2011 ጆፕሊን በተባለችው ከተማ ከ150 በላይ ሰዎች የገደለ አውሎ ነፋስ ሲወርድ፣ በከተማዋ የነበሩት ሁለቱ የድርጅቱ ቤቶች አልተዘጉም ነበር።

ይህን የምናነሣው ባዕድን ለማድነቅ አይደለም፤ የእነርሱ ሀብት ለእኛ የለንም። ከአሠራራቸው ግን ሁለቱ ነገሮች ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም። አንደኛው፣ በክፉ ቀን የሚቀርበው ምግብ አጭር እንደሚሆን አስቀድሞ የተወሰነ መሆኑ ነው፤ ያለ ማቀዝቀዣና ያለ ብዙ ውኃ ምን ማብሰል እንደሚቻል ሠራተኛው ያውቀዋል። ሁለተኛው ደግሞ የበለጠ ልብ የሚነካ ነው። አደጋ በደረሰበት ቦታ የሚኖሩት ሠራተኞች ወደ ቤታቸውና ወደ ልጆቻቸው እንዲሄዱ፣ ጉዳት ካልደረሰበት ቦታ ሌሎች ሠራተኞች መጥተው ይተኩአቸዋል። ቤቱ የሚከፈተው ጎርፍ የከበባት ልጅ ወንዝ ተሻግራ በመምጣቷ አይደለም።

ስለ መጀመሪያው እኛ ከእነርሱ የምንሻልበት ነገር አለ። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ ዝናቡ በሚበረታበት ወቅት። የጾሙን ምግብ ተመልከቱ፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ቆሎ፣ በሶ፣ ዳቦ፣ የቡሬና የአካባቢዋ በርበሬ። ከእነዚህ ውስጥ ማቀዝቀዣ የሚሻ የለም። መብራት ሲጠፋ የሚበላሸው ሥጋና ወተት ነው፤ የተዘጋ ማቀዝቀዣ እንኳ መብራት ከሄደ ከአራት ሰዓት በኋላ አይታመንም። እናቶቻችን ለጾሙ ብለው ያዘጋጁት ጓዳ፣ ሳያውቁት፣ ለወጀብም የተዘጋጀ ጓዳ ነው። አንድ ምግብ ቤት ከሰኔ ጀምሮ አንድ ማዳበሪያ ሽሮ፣ የቆሎ ከረጢትና የደረቀ እንጨት ለብቻው ቢያስቀምጥ መንገደኛ ሳይራብ ያድራል። የሚያስቸግረው እንጀራው ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ መብራት ሲጠፋ ከድንጋይ አይሻልም፤ በመብራት የሚሠራው ወፍጮም እንዲሁ። ስለዚህ ዱቄቱ አስቀድሞ መፈጨት፣ የጭቃው ምጣድም ከጓሮ ጥግ ተሰባብሮ ሳይጣል መቀመጥ አለበት። በከተሞቻችን ይህ ምጣድ እየጠፋ መምጣቱን ልብ ብላችኋል?

እንጨቱ ቀላል ነገር ይመስላል። በነሐሴ የደረቀ እንጨት መፈለግ ግን በግንቦት ጤዛ መፈለግ ነው። የአብያተ ክርስቲያናቱ የሰንበቴ ቤቶች ለማኅበርና ለተዝካር የሚሆን እንጨት በጣሪያ ሥር ያከማቻሉ፤ ትልልቅ ድስቶችና የውኃ በርሜሎችም አሏቸው። ከዚህ ላይ ጥቂቱን ለክፉ ቀን በውሰት መስጠት ሰበካ ጉባኤ ሊወስነው የሚችል ነገር ነው። ዕቃው ወጥቶ እንዳይቀር መዝገብ መያዝ ነው እንጂ።

አንዳንድ ወንድሞች፣ «ታዲያ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ለምን አታበስልም? በወጀብ ቀን መሸጥ መነገድ አይደለምን?» ይላሉ። በዚህ አንስማማም። መንገደኛው የሚወርደው መናኸሪያ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ በአብዛኛው ከፍ ያለ ቦታ ላይ፣ ከመንገድ ራቅ ብሎ ነው። በመብረቅና በጭቃ መካከል አርባ ሰው ወደ ኮረብታ ማውጣት ማዳን አይደለም። ደግሞም በክረምት ገበያው የሚቀዘቅዝባት ባለ ሽሮ ቤት ሥራዋን ብንነጥቃት በሚቀጥለው ጊዜ ደጇን አትከፍትም። የሚሻለው፣ ሰበካው ገንዘብ ለሌለው መንገደኛ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ አስቀምጦ ከምግብ ቤቶቹ ጋር በሰላሙ ቀን ዋጋ መዋዋል ነው። በዚያ ምሽት በሌላ ቤት አንድ ብርጭቆ ሻይ በእጥፍ ሲሸጥ ሰምተናል። እንዲህ ያለውን አስቀድሞ የተደረገ ስምምነት ይከለክለዋል፤ በዚያው ሰዓት የሚደረግ ተግሣጽ ግን ጠብ ብቻ ነው የሚያመጣው።

አሁን ወደ ከሰሉ እንመለስ፤ በዚህ ላይ ረዘም ብንል ይቅርታ አድርጉልን። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል አየር ይወጣል። ሽታ የለውም፤ ዐይን አያቃጥልም፤ አያስነጥስም። ጢስ የሌለው ከሰል ደኅና ነው ብለን የምናምነው ስሕተት እዚህ ላይ ነው፤ የሚገድለው ጢሱ አይደለም። በመጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፤ ቀጥሎ እንቅልፍ ይመጣል፤ እንቅልፉ የብርዱና የድካሙ ይመስላል። ነፍሰ ጡሮችና በማሕፀን ያሉ ሕፃናት፣ ልብ የሚያማቸውና አረጋውያን ቀድመው ይጎዳሉ። በጄኔሬተር ጢስም ያለው ይኸው መርዝ ነው፤ ስለዚህ ጄኔሬተር በረንዳ ላይም ቢሆን ከመስኮት ሥር አይቀመጥም። ብዙ ሰው በተጠጋጋበት ቤት የሰውነት ሙቀት ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ በሩን ገርበብ አድርጎ በጋቢና በብርድ ልብስ ማደር ይሻላል። በሐዋርያት ሥራ ቅዱስ ጳውሎስና አብረውት የነበሩት መርከባቸው ተሰብሮ መላጥያ ደሴት በወጡ ጊዜ የአገሩ ሰዎች ስለ ዝናቡና ስለ ብርዱ እሳት እንዳነደዱላቸው ታነባላችሁ። ያ እሳት ጭራሮ እየተሰበሰበ የነደደ የሜዳ እሳት እንደነበር ማስታወስ አይከፋም። ካህናት ይህን የከሰል ነገር በክረምቱ መግቢያ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በሁለት ደቂቃ ቢናገሩት ከብዙ ወረቀት ይልቅ ይሰማል።

ስለ ውኃ በአጭሩ። ጎርፍ ሲወጣ የጉድጓድና የምንጭ ውኃ ይበከላል። ለመጠጥ የሚቀርብ ውኃ መፍላት አለበት፤ እንደ ቡሬ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ቦታ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ሻይ ቤት ክፍት መሆኑ አንዱ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ሻይ የፈላ ውኃ ነው።

ምግብ ቤት መዘጋት ያለበት ጊዜም አለ። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. በድሬዳዋ የደረሰውን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ዝናቡ የወረደው በስተላይ በተራራው ላይ ሲሆን፣ ጎርፉ ከተማዋን የመታው በሌሊት ሰዎች ተኝተው ሳሉ ነው፤ ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ። በእኛም ከተሞች በወንዝና በቦይ ዳር የተሠሩ ሻይ ቤቶች አሉ። በላያችን ጠብ ሳይል በሰከላና በቋሪት በኩል ሰማዩ ከጠቆረ፣ የወንዙም ውኃ ደፍርሶ ጭራሮ መሸከም ከጀመረ፣ እነዚያ ቤቶች በራቸውን ዘግተው እንግዳቸውን ወደ ከፍታ ይዘው መውጣት አለባቸው። ስንት ሸጡ የሚባልበት ሰዓት አይደለም።

ሌላው ደግሞ ቅርብ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ተራራው ተንዶ ከ200 በላይ ወገኖቻችን ሞቱ። ከሞቱት ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት እየሮጡ የሄዱ ጎረቤቶች ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው መጣ። ያን ያህል ፍቅር እንዴት ይወቀሳል? አንወቅሰውም። ነገር ግን በየመንደራችን የመጀመሪያውን ጩኸት ሰምቶ የሚሮጠውን ሕዝብ አንድ አፍታ አቁሞ ላዩን እንዲያይ የሚያደርግ ሰው አስቀድሞ ካልተሰየመ፣ በዚያ ሰዓት የሚሰየም የለም።

ዕቃ አጣቢዋንም በዚህ ዐይን ነው የምናያት። በየምግብ ቤቱ የሚሠሩት ልጆች አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ናቸው፤ ደመወዛቸው ትንሽ ነው፣ ውል የላቸውም፣ ቀን ሲቀሩ ይቆረጥባቸዋል። ፈጣን ጎርፍ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆን እንኳ አዋቂ ሰውን ሊጥል ይችላል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ አብዛኛውን መኪና ያንሳፍፋል። እርሷ ወገቧ ድረስ ገብታ ነበር። መብረቁም አለ። ብልጭታውን አይታችሁ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሠላሳ ሳትቆጥሩ ከደረሰ፣ ሜዳ ላይ መሄድም ሆነ ዛፍ ሥር መጠለል ሞትን መጥራት ነው፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም ግማሽ ሰዓት መቆየት ያስፈልጋል። ስለዚህ ከምግብ ቤቶቹ ጋር በምንዋዋልበት ወረቀት ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር እንዲገባ እንለምናለን፤ በዶፍ ቀን ወንዝ ማዶ ያለች ሠራተኛ አትጠራም፣ ቀኗም አይቆረጥም። በእርሷ ፈንታ የሚያጥብና የሚቀዳ እጅ ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች፣ በመናኸሪያው አቅራቢያ ከሚኖሩት፣ ተራ ተይዞላቸው ይመጣል። የአሜሪካኖቹን ሁለተኛ ጥበብ እንዲህ ያለ ወጪ በአገራችን ልናደርገው እንችላለን። ወጣቶቹን ስንጠይቃቸው ከእኛ ይልቅ ፈጥነው ተቀብለውታል፤ አንዱም ሽሮው በነፃ ይሁን ብሎ አስቆናል።

ወደ ገጠር ያሉት አጥቢያዎች ምግብ ቤት የለንም ትሉ ይሆናል። ጠላ ቤት አላችሁ፤ የገበያ ቀን ንፍሮና ዳቦ የምትሸጥ እናት አለቻችሁ። ከገበያ ሲመለስ ዝናብ የያዘው ገበሬ የሚጠጋው እዚያው ነው፤ የተናገርነው ሁሉ ለዚያችም ቤት ይሆናል።

ከዚህ ጉባኤ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። እያንዳንዱ አጥቢያ እስከ ግንቦት መጨረሻ ድረስ በአካባቢው ያሉትን ምግብ ቤቶች ዞሮ ይይ፤ የትኛው ከፍታ ላይ ነው፣ የትኛው የእንጨት ምድጃና የጭቃ ምጣድ አለው፣ የትኛው ሁለት በር አለው ብሎ ይመዝግብ። በየመናኸሪያው ሁለት ወይም ሦስት ቤት ይበቃል።

ባለፈው ወር በቡሬ በኩል ስናልፍ ወደዚያች እናት ቤት ጎራ ብለን ነበር። ከሰሉን አሁን በረንዳ ላይ ነው የምታነደው። ዕቃ አጣቢዋ ወደ ሌላ ቤት ሄዳለች፤ የት እንደሆነ አልነገረችንም። በዚያ ምሽት ገንዘብ ያልነበራቸውን ሰዎች ስም የጻፈችበትን ደብተር አውጥታ አሳየችን፤ ሰባት ስም ነበረበት። አራቱ በሾፌር እጅ ልከውላት ተሰርዘዋል። «የቀሩትስ?» ስንላት፣ «መንገዱ ሩቅ ነው እኮ» ብላ ደብተሩን ከጨው ዕቃው አጠገብ መልሳ አስቀመጠችው።